የሊኑክስ ኮምፒውተር ዲስክ አላነብ ሲል፦ ጥፋቱ የድራይቩ፣ የኬብሉ ወይስ የዲስኩ?

በየቤታችን ቁም ሳጥን የተቀመጡት የሰርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ቪሲዲዎችና ዲቪዲዎች ዕድሜያቸው እየገፋ፣ የሚያነባቸው መሣሪያም እየጠፋ ነው። የቤተሰቤንና የቅርብ ዘመዶቼን ዲስኮች ወደ ሃርድ ዲስክ ለመገልበጥ ስነሳ በእጄ የነበረው ሊኑክስ ሚንት የተጫነበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነበር። ብዙዎቻችን ሲዲ ሮም የምንለው ድራይቭ ሲዲና ዲቪዲ የሚያነብና የሚጽፍ፣ በሳታ ኬብል ከማዘርቦርዱ ጋር የተገናኘ የተለመደ ዓይነት ነው። ሥራው ገና ሲጀመር የድራይቩ ጠባይ የማይጨበጥ ሆነ፤ አንዱን ዲስክ አንብቦ ሌላውን ይከለክላል፣ ትናንት ያነበበውን ዛሬ እንደሌለ ይቆጥራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ስሙ ከመሣሪያዎች ዝርዝር ይጠፋል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ከየአቅጣጫው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ድራይቩ ሞቷልና ሌላ ይገዛ የሚል። ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ያገለገለ ዕቃ በሆነበት ጊዜ ጤነኛውን ጥሎ ታማሚውን መግዛትም አለ። ሊኑክስ በዚህ ረገድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከርነሉ (መሣሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሰው የሥርዓቱ እምብርት) ድራይቩ የሰጠውን የስህተት መልስ መዝግቦ ያስቀምጣል። በመስኮት የሚወጣው መልእክት «ፋይሉን ማንበብ አልተቻለም» ከማለት አያልፍም፤ መዝገቡ ግን ያልቻለው ማን እንደሆነና ለምን እንዳልቻለ ይናገራል። በእኔ ኮምፒውተር ላይ አንድ ይመስል የነበረው ችግር የተለያዩ ምክንያቶች ተደራርበው የፈጠሩት መሆኑ፣ ከእነዚህም አንዱ ጭራሽ ብልሽት አለመሆኑ የታወቀው ከዚሁ መዝገብ ነው።

መዝገቡን የሚያሳየው ትእዛዝ ዲሜሴጅ ይባላል፤ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ በሚሉት አምስት የላቲን ፊደላት ይጻፋል። በአዳዲሶቹ የደቢያንና የኡቡንቱ ቅጂዎች ከፊቱ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠው ሱዶ ካልተጨመረበት አይፈቅድም። ከኋላው ሰረዝና ትንሿ ደብሊው ሲጨመሩበት መዝገቡ ክፍት ሆኖ ይቆይና አዲስ መልእክት በመጣ ቁጥር እዚያው ያሳያል። የምመክረው አንድ ተርሚናል በዚህ መልኩ ከፍቶ በስክሪኑ ጎን ማስቀመጥ፣ ከዚያም ዲስክ ሲገባ፣ ሲወጣና ፋይል ሲቀዳ እያንዳንዱ ድርጊት ምን መልእክት እንደሚያስከትል መከታተል ነው። ኢንተርኔት ላይ የተጻፉ መፍትሔዎችን አንድ በአንድ ከመሞከር በፊት ይህን ማድረግ ብዙ ድካም ያስቀራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ኮምፒውተሩ ድራይቩን ያየዋል ወይ የሚለው ነው። በሊኑክስ የመጀመሪያው የዲስክ ድራይቭ ስም ኤስአር0 ሲሆን፣ ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኬ ተብሎ የሚጻፈው ትእዛዝ ሲሰጥ ከሃርድ ዲስኮቹ በታች፣ ዓይነቱ ሮም ተብሎ መታየት አለበት። ከሌለ ስለ ዲስኩ መቧጨርም ሆነ ስለ ሌንሱ መቆሸሽ መነጋገር አይገባም፤ ጉዳዩ ገና ከድራይቩ ጋር መገናኘት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ (ከሊኑክስ ቀድሞ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) ውስጥ ገብቶ ድራይቩ እዚያ ተዘርዝሮ እንደሆነ ማየትም ጠቃሚ ነው፤ ባዮስም ካላየው ሊኑክስን መክሰስ፣ እንደገናም መጫን ከንቱ ድካም ነው።

የእኔ ድራይቭ አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። በጠፋ ጊዜ መዝገቡ ላይ የሚወጡት መስመሮች ኤቲኤ በሚል ቃልና በአንድ ቁጥር የሚጀምሩ ሲሆን፣ ግንኙነቱ እንደቀዘቀዘ፣ ከርነሉ መስመሩን በኃይል እንደገና እያስጀመረ መሆኑን፣ በቅንፍ ውስጥም ባድ ሲአርሲ የሚል ስህተት ያሳያሉ። ባድ ሲአርሲ ማለት በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል የተላከው መረጃ ሲደርስ ተበላሽቶ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የኬብልና የመገናኛ ጉዳይ እንጂ የጨረርና የሌንስ ጉዳይ አይደለም። ለመለየት የሚያስችለው ቀላሉ መንገድ መሳቢያውን ባዶ አድርጎ መዝገቡን መመልከት ነው። ዲስክ በሌለበትም እነዚህ መልእክቶች ከቀጠሉ ዲስኩ ነጻ ነው።

ኬብሉን በሌላ ስለውጠው መስመሮቹ ጠፉ፤ ድራይቩም ከዚያ ወዲህ ከዝርዝር ወጥቶ አያውቅም። አዲሱን ኬብል ስመርጥ ጫፉ ላይ የብረት መያዣ ያለውን ወሰድኩ፤ መያዣ የሌላቸው የቆዩ ኬብሎች ኮምፒውተሩ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ቀስ በቀስ ይላላሉና። ኬብሉ ተለውጦም ችግሩ ካልቀረ ማዘርቦርዱ ላይ ወዳለ ሌላ የሳታ መሰኪያ ማዛወር ይገባል። በኤቲኤ በኩል የሚጻፈው ቁጥር መሰኪያውን የሚከተል ስለሆነ ድራይቩ ወደ ሌላ መሰኪያ ሲዛወር ስህተቱ በአዲሱ ቁጥር ከቀጠለ ተጠያቂው ድራይቩ ወይም ኬብሉ ነው፤ ካልቀጠለ የቀድሞው መሰኪያ ነው። ትርፍ ኬብል ያጣ ሰው የሃርድ ዲስኩን ኬብል ነቅሎ ከዲስክ ድራይቩ ኬብል ጋር ለመለዋወጥ ይፈተን ይሆናል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። የተጠረጠረው ኬብል በእርግጥ የተበላሸ ከሆነ የዕለት ሥራችሁ ያለበትን ሃርድ ዲስክ በእርሱ ላይ ማንጠልጠል ይሆናል።

በዩኤስቢ ለሚሰኩት ቀጫጭን ድራይቮች የዚህ ወንድም የሆነው ችግር የኃይል ማነስ ነው። የዩኤስቢ 2 መሰኪያ በደንቡ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ድራይቩ ዲስኩን ከቆመበት አስነስቶ ሲያሽከረክር ግን ከዚህ የበለጠ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ መዝገቡ ላይ መሣሪያው እንደተነቀለና ወዲያው እንደገና እንደተሰካ የሚገልጹ መስመሮች ይደጋገማሉ። የዴስክቶፕ ተጠቃሚ ከኬዙ ፊት ለፊት ያለውን መሰኪያ ትቶ ከኋላ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሰካት አለበት፤ ላፕቶፕ ያለው ሰው ደግሞ ሁለት የዩኤስቢ ጫፍ ያለውን ኬብል ወይም የራሱ ኃይል ያለውን ሀብ መጠቀም ይችላል።

ሌላው በፍጥነት ታይቶ የሚታለፈው መሳቢያው አልከፈት የሚልበት ሁኔታ ነው። ሊኑክስ አንድ ዲስክ ማውንት ተደርጎ (ፋይሎቹ እንዲታዩ ከሥርዓቱ ጋር ተያይዞ) እስካለ ድረስ መሳቢያውን ይቆልፋል፤ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ምንም ላያመጣ ይችላል፣ ድራይቩ ግን አልተበላሸም። ዲስኩን በፋይል ማሳያው በኩል ማስወጣት፣ ወይም ኢጀክት የሚለውን ትእዛዝ መጠቀም ይበቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልከፈተ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከመሳቢያው ፊት ባለችው ትንሽ ቀዳዳ የተቃና የወረቀት መያዣ ሽቦ ማስገባትና ቀስ ብሎ መግፋት ነው። በእጅ ሲሳብ እየወጣ በሞተሩ ግን አልወጣ ካለ መሳቢያውን የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቀበቶ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በዕድሜ የሚመጣ፣ ቀበቶውን በመለወጥ የሚስተካከል ነገር ነው።

ግንኙነቱ ከተስተካከለ በኋላ የቀሩት ስህተቶች ሌላ መልክ ነበራቸው፤ መስመሮቹ በኤስአር0 ስም የሚጀምሩና በመካከላቸው ሴንስ ኪ የሚል ሐረግ ያለባቸው ሆኑ። ሴንስ ኪ ማለት ድራይቩ ራሱ ለምን እንዳልቻለ የሚሰጠው ምክንያት ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ አራቱን ማወቅ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ቁጥሩ 2 የሆነው ኖት ሬዲ ድራይቩ ዝግጁ አይደለም ወይም በመሳቢያው ውስጥ ዲስክ አላገኘም ማለት ነው። ቁጥሩ 3 የሆነው ሚዲየም ኤረር ዲስኩ ታውቋል፣ የተጠየቀው ቦታ ግን አልተነበበም ማለት ነው። ቁጥሩ 4 የሆነው ሃርድዌር ኤረር ጥፋቱን ወደ ድራይቩ ያዞራል፤ ከሥሩም ሌንሱን በመስመሩ ላይ የሚያቆየው ወይም ትኩረቱን የሚያስተካክለው ክፍል እንደከሸፈ ሊጻፍ ይችላል። ቁጥሩ 5 የሆነው ኢሊጋል ሪኩዌስት ግን ከሁሉም ይለያል፤ ድራይቩ ጤነኛ ሆኖ፣ ዲስኩም ጤነኛ ሆኖ፣ ከሶፍትዌሩ የመጣውን ጥያቄ እንደቀረበ መቀበል እንደማይችል ይገልጻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህንን የመጨረሻውን እንደ ብልሽት በመቁጠር ነው።

በእኔ ድራይቭ ላይ ሲዲዎች ሁሉ ይነበባሉ፤ ዲቪዲ ሲገባ ግን ይሽከረከራል፣ ጥቂት ይንሾካሾካል፣ ከዚያም ይቆማል። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ኖት ሬዲ ሲሆን ተጨማሪው ማብራሪያ መሳቢያው ተዘግቷል፣ ዲስክ ግን የለም ይላል። ዲስክ በውስጡ እያለ ዲስክ የለም ማለቱ ግራ ያጋባል፤ ይሁን እንጂ ድራይቩ ዲስክ መኖሩን የሚያውቀው ከዲስኩ ላይ ተንጸባርቆ በሚመለሰው ብርሃን ነው። ሲዲ የሚነበበው 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ጨረር፣ ዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖሜትር በሆነው ቀይ ጨረር ነው፤ ድራይቩ ሁለቱን የሚያመነጨው በተለያዩ ዳዮዶች ስለሆነ አንዱ ሲደክም ሌላው ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ ሲዲ ማንበቡ ድራይቩ ዲቪዲም ማንበብ አለበት ለሚለው ክርክር ማስረጃ አይሆንም። የዲቪዲ ነጥቦች ከሲዲው ያነሱና የተጠጋጉ በመሆናቸውም ሌንሱ ላይ ያረፈ አቧራ ከሲዲው ይልቅ ዲቪዲውን ቀድሞ ያሰናክላል።

የደከመ ዳዮድ በቤት ውስጥ አይታከምም፤ አቧራ ግን ይጠረጋል። በላፕቶፕ ቀጭን ድራይቮች ላይ ሌንሱ ከመሳቢያው ጋር አብሮ ስለሚወጣ መሳቢያውን መክፈት ብቻ ይበቃል። በዴስክቶፑ ድራይቭ ግን ሌንሱ በውስጥ ስለሚቀር የኃይል ገመዱን ነቅሎ፣ ድራይቩን ከኬዙ አውጥቶ፣ ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ መክፈት ያስፈልጋል። ተከፍቶ ባለበት ኃይል ሰጥቶ መመልከት ፈጽሞ አይገባም፤ የሚጽፍ ድራይቭ ጨረር ዓይንን ይጎዳል፣ የሲዲው ጨረርም በዓይን የማይታይ ያህል ስለሆነ አደጋውን አያስጠነቅቅም። መጀመሪያ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ አቧራውን አስወገድኩ፤ ከዚያም በጥጥ የተጠቀለለ ዘንግ በአይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ አርጥቤ ሌንሱን ሳልጫን ጠረግኩት። ሌንሱ በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ስለሆነ ቤንዚንም ሆነ አሴቶን ሊያደበዝዘው ይችላል፤ በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ ስለሚያሳርፍ አይመከርም። በላያቸው ትንንሽ ብሩሽ ያለባቸውን የሌንስ ማጽጃ ዲስኮች በበኩሌ አልወዳቸውም፤ ቀለል ያለ አቧራ ያነሱ ይሆናል፣ የተጣበቀውን ቅባት ግን ከቦታ ቦታ ከማዳረስ አያልፉም።

ከጽዳቱ በኋላ ከፋብሪካ ታትመው የወጡት ዲቪዲዎች ሁሉ ተነበቡ። በቤትና በስቱዲዮ የተጻፉት ግን አንዳንዶቹ ብቻ ነበሩ የተከፈቱት፤ ይህም ምክንያት አለው። በኮምፒውተር የሚጻፉ ዲስኮች ከታተሙት ያነሰ ብርሃን ይመልሳሉ። ልዩነቱን በሲዲ ብናየው፣ የታተመው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን ሲመልስ እየተሰረዘ የሚጻፈው ሲዲ አርደብሊው ግን ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ይመልሳል። የደከመ ጨረር ያለው ድራይቭ መጀመሪያ የሚያቅተው እነዚህን ነው። ስለዚህ ድራይቩን መፈተሽ የሚፈልግ ሰው በእጁ ባለው አንድ የተጻፈ ዲስክ ብቻ መፍረድ የለበትም፤ አንድ የታተመ ሲዲ፣ አንድ የታተመ ዲቪዲና ከየዓይነቱ አንድ አንድ የተጻፈ ዲስክ አሰልፎ የትኛው ላይ እንደሚቆም ማየት ይኖርበታል።

የታተሙ የፊልም ዲቪዲዎችን በሚመለከት አንድ ነገር ላክል። አንዳንዶቹ የተቆለፉ ስለሆኑ በቀጥታ ሲገለበጡ መዝገቡ ኢሊጋል ሪኩዌስት ብሎ፣ የተመሰጠረው ክፍል ያለ ፈቃድ ሊነበብ እንደተሞከረ ይጽፋል። ይህ የድራይቩ ብልሽት አይደለም፤ ማጫወቻው ሊብዲቪዲሲኤስኤስ የተባለውን፣ ምስጠራውን የሚፈታ የሶፍትዌር ላይብረሪ ሲያገኝ የሚከፈት ነው።

አሁን ብዙ የአገራችን ተጠቃሚዎች ጤነኛ ድራይቭ እንዲጥሉ ያደረጋቸው ወደሚመስለኝ ጉዳይ ልግባ፤ እርሱም ቪሲዲ ነው። ዲቪዲ ከመስፋፋቱ በፊት የሰርግ ቪዲዮዎች፣ የዘፈን ክሊፖችና የአማርኛ ፊልሞች በብዛት የተሠራጩት በቪሲዲ ነበር። ቪሲዲ ሊኑክስ ላይ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ደኅና ይመስላል፤ ዲስኩ ይታወቃል፣ ፎልደሮቹ ይዘረዘራሉ፣ ኤምፔግኤቪ በሚለው ፎልደር ውስጥም ቅጥያው ዳት የሆነ ትልቅ ፋይል ይታያል። ፋይሉን ወደ ሃርድ ዲስክ ለመቅዳት ሲሞከር ግን ገና ከመነሻው የግብዓትና ውጤት ስህተት ብሎ ይቋረጣል። ያንኑ ዲስክ ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባ ሰው ያለችግር ሲቀዳለት ያያል፤ በዚህም ምክንያት የሊኑክሱ ድራይቭ ተበላሽቷል፣ ወይም ሊኑክስ ለዚህ ሥራ አይሆንም ብሎ ይደመድማል።

ሁለቱም አይደለም። የሲዲ እያንዳንዱ ክፍልፋይ (መረጃው ተከፋፍሎ የሚጻፍበት ትንሽ ክፍል) በጥሬው 2352 ባይት ይይዛል። ተራ የኮምፒውተር ፋይሎች በሚጻፉበት ስልት ከዚህ ውስጥ 2048 ባይቱ ለመረጃ ሲውል የቀረው በአብዛኛው ስህተትን ለማረም የተጠበቀ ነው፤ በአንድ የሰነድ ፋይል ውስጥ አንዲት ባይት ብትዛነፍ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላልና። ቪዲዮ ግን ጥቂት ነጥቦች ቢዛነፉበት የሚታይ ጉዳት ስለሌለው፣ በ1993 የወጣው የቪሲዲ ደረጃ ፎርም 2 የሚባለውን ስልት መርጦ ተጨማሪውን የእርማት ክፍል ትቶ 2324 ባይት ለመረጃ አዋለ። በዚህ መንገድ ነው 74 ደቂቃ ያህል ቪዲዮ በአንድ ሲዲ ላይ ማስገባት የተቻለው። የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ደግሞ አይኤስኦ 9660 በተባለው የሲዲ ፋይሎች አቀማመጥ የተጻፈ ዲስክ ሲያገኝ እያንዳንዱን ክፍልፋይ 2048 ባይት አድርጎ ይጠይቃል። ድራይቩም በዚያ መልክ ሊሰጠው ስለማይችል፣ ለዚህ ትራክ የማይሆን የንባብ ስልት ነው ብሎ በኢሊጋል ሪኩዌስት ይመልሳል። ዊንዶውስ ጥሬውን ክፍልፋይ እንዳለ አንብቦ ራስጌ ስለሚጨምርበት ነው ፋይሉን መቅዳት የሚችለው።

እንግዲህ መፍትሔው ማውንት ማድረጉን ትቶ ትራኩን በቀጥታ ማንበብ ነው። ቪሲዲኢሜጀር በሚባለው የሶፍትዌር ጥቅል ውስጥ ቪሲዲኤክስሪፕ የተባለ ትእዛዝ አለ፤ ድራይቩን ስታመለክቱለት ትራኮቹን እያንዳንዳቸውን ወደ ኤምፔግ ፋይል ይገለብጥላችኋል፣ የዲስኩን አቀማመጥ የሚገልጽ የኤክስኤምኤል ፋይልም ያስቀምጣል። ማየት ብቻ ለሚፈልግ ኤምፕሌየር የተባለው ማጫወቻ ቪሲዲን በቀጥታ ይከፍታል፤ የመጀመሪያው ትራክ የፋይል ዝርዝሩን የያዘው ስለሆነ ቪዲዮው የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። ድራይቩ ይህን ዓይነት ንባብ እንደሚችል ማረጋገጥ የፈለገ ሰው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉ ስለ ድራይቩ በሚጽፈው መስመር ላይ ኤክስኤ እና ፎርም2 የሚሉትን ቃላት ይፈልግ፤ በእኔ መዝገብ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጽፈው ነበር። የሙዚቃ ሲዲም እንዲሁ የፋይል ሥርዓት ስለሌለው ማውንት አይደረግም፤ ማውንት ለማድረግ ሲሞከር የሚመጣው ስህተት ስለ ድራይቩ ጤንነት የሚናገረው ነገር የለም።

የቀሩት በእርግጥ የተጎዱት ዲስኮች ናቸው። በእነዚህ ላይ መዝገቡ ሚዲየም ኤረር ይላል፤ ያልተነበበው ክፍልፋይ ቁጥርም አብሮ ይጻፋል። ቁጥሮቹ ዲስኩ በተሞከረ ቁጥር በአንድ አካባቢ ከተሰባሰቡ ጉዳቱ የዲስኩ ነው፤ በተለያዩ ዲስኮች ላይ በየቦታው የሚበታተኑ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ሌንሱ መመለስ አለበት። ዲስኩን በብርሃን ላይ አንስቶ ማየትም ይረዳል። የሲዲ አንጸባራቂ ንጣፍ ያለው ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ስለሆነ በእስክሪብቶ የተጫረ የላይኛው ገጽ ከሥረኛው ጭረት ይልቅ የከፋ ነው፤ ቀዳዳ ሆኖ ብርሃን ካሳለፈ እዚያ ቦታ የነበረው መረጃ የለም። የሥረኛው ጭረት 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ፕላስቲክ ላይ ብቻ ያረፈ ስለሆነ ሊለሰልስ ይችላል። ሲጠረግም ከመካከል ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ በመዞር አይደለም፤ የሚዞር ጭረት ከመረጃው መስመር ጋር ስለሚሄድ ማረሚያው ሊሞላው የማይችለው ረጅም ክፍተት ይፈጥራል።

ለተጎዱ የዲቪዲና የመረጃ ሲዲዎች የተጠቀምኩበት ዲዲሬስኪዩ ነው፤ በደቢያንና በኡቡንቱ ጥቅሉ በፊቱ ጂ ተጨምሮበት ጂዲዲሬስኪዩ ይባላል። የክፍልፋዩ መጠን 2048 መሆኑ ይነገረዋል፤ ከምስል ፋይሉ (የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ ከሚቀመጥበት ፋይል) በተጨማሪ የካርታ ፋይል ስም ይሰጠዋል። ይህ ካርታ የትኛው ክፍል እንደተነበበና የትኛው እንደቀረ ይመዘግባል። መጀመሪያ አስቸጋሪውን ቦታ እየዘለለ ቀላሉን በሙሉ እንዲወስድ አደረግኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው የቀሩትን ክፍተቶች እየደጋገመ እንዲሞክር ያዘዝኩት። ተራ ኮፒ ግን የመጀመሪያው መጥፎ ቦታ ላይ ደርሶ ስለሚቆም ከዚያ በኋላ ያለውን ጤነኛ መረጃ ሁሉ ያስቀራል። ኢጀክት በሚለው ትእዛዝ ላይ ትንሿን ኤክስ ጨምሮ ፍጥነቱን መቀነስም ይቻላል፤ ሁሉም ድራይቭ ባይታዘዝም የታዘዘው ሲዘገይ አንዳንድ ክፍልፋዮችን ያገኛል።

የካርታው ትልቁ ጥቅም ግን ድራይቭ መለዋወጥ ማስቻሉ ነው። የሌንስና የእርማት አሠራራቸው ስለሚለያይ አንዱ ድራይቭ ያልቻለውን ክፍልፋይ ሌላው ሊያነብ ይችላል። ከጎረቤት የተዋስኩትን የዩኤስቢ ድራይቭ ሰክቼ፣ ያንኑ ምስልና ያንኑ ካርታ ሰጥቼ ትእዛዙን ስደግመው፣ አዲሱ ድራይቭ የተነበበውን ሳይነካ በቀሩት ክፍተቶች ላይ ብቻ ሠራ፤ ከእነዚያም አብዛኞቹ ተሞሉ። የእኔ ድራይቭ ጭራሽ ሊያውቃቸው ያልቻሉት በቤት የተጻፉ ዲቪዲዎችም በዚሁ በተዋስኩት ተገለበጡ። ለሥራው ሁለተኛ ድራይቭ ማግኘት ለሚችል ሰው፣ አንዱን እስኪሰለች ከመጠገን ይልቅ ሁለት መካከለኛ ድራይቮችን ማፈራረቅ የተሻለ ውጤት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

በካሜራ ላይ በቀጥታ የተቀረጹ ትንንሽ ዲቪዲዎች ካሉ ደግሞ ዲስኩ ሳይዘጋ (የቀረጻው ማብቂያ ሳይጻፍበት) ቀርቶ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለው ዲስክ ምንም ጭረት ሳይኖርበት ባዶ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዲቪዲ ፕላስ አርደብሊው ቱልስ ከሚባለው ጥቅል ጋር የሚመጣው የሚዲያ መረጃ ትእዛዝ የዲስኩን ሁኔታ ሲያሳይ ገና ሊጨመርበት የሚችል መሆኑን ከጻፈ ቪዲዮው አለ፣ የቀረው መዝጊያው ነው። ካሜራው ካለ እዚያው መልሶ ማዘጋት ከሁሉም ይቀላል።

የመጨረሻው ያስቸገረኝ ዲስክ ምስሉ ከሞላ ጎደል ተገልብጦ ሳለ ማጫወቻው አልከፍትም ያለኝ የሰርግ ዲቪዲ ነው። ምስሉን እንደ ዲስክ ማውንት አድርጌ ስመለከተው ያልተነበቡት ጥቂት ክፍልፋዮች ያረፉት ቪዲዮው ላይ ሳይሆን ቅጥያው አይኤፍኦ በሆነው፣ ማጫወቻው የቪዲዮውን አቀማመጥ በሚያነብበት ትንሽ ፋይል ላይ ነበር። የዲቪዲ ቪዲዮ ደረጃ የእያንዳንዱን አይኤፍኦ ግልባጭ ቢዩፒ በሚል ቅጥያ በዲስኩ ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ ያስገድዳል፤ ይህም ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የታሰበ ነው። ፎልደሩን በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስኩ ቀድቼ፣ የተጎዳውን አይኤፍኦ ሰርዤ፣ የቢዩፒውን ቅጂ በእርሱ ስም ሳስቀምጠው ማጫወቻው ከነምዕራፎቹ ከፈተው። ቢዩፒውም ጭምር ከተጎዳ ቅጥያቸው ቪኦቢ የሆኑትን ፋይሎች በቀጥታ በቪኤልሲ መክፈት ይቻላል፤ ምዕራፍና ማውጫ አይኖራቸውም፣ ምስሉና ድምፁ ግን በውስጣቸው ነው።